«እንብላ» ሲሉት የተቀመጠው

እኛ አገር ሰው እየበላ ከደረሳችሁበት «እንብላ» ይላችኋል። እናንተም «ብሉ ብሉ፣ አሁን በልቼ ነው» ትላላችሁ። ሁለታችሁም ዋሽታችኋል፤ ግን ማንም አልተቀየመም፣ ሽሮውም ለባለቤቱ ተርፏል። እኔ ይህን ሥርዓት የተማርኩት ገና እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነው። እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ አንድም ቀን «እንብላ» ያለኝን ሰው «ከልብህ ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፤ ነውር ነው።

ዘንድሮ ግን አንድ ሰው መጣና ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት አመሰቃቀለብኝ።

ከሰውየው በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ አለበለዚያ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ይመስላችኋል። እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ሻይ የምጠጣው ቆሜ ነው። ፀጉሬን ስስተካከል እንኳ ሁለት ጊዜ ተነስቼ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ አራብሳን ከቦሌ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ መሆኑን የተመላለሰበት ያውቃል። ሥራዬ ደብዳቤና ሰነድ መተርጎም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከአራብሳ ሃያ ሁለት፣ ከሃያ ሁለት አትላስ ስባክን እውላለሁ። «እየቸኮልኩ ነው» የምትለዋን ነገር በቀን ስንት ጊዜ እንደምናገራት ፈጣሪ ይቁጠራት። ወዴት ነው የምትቸኩለው ብላችሁ ብትይዙኝ ግን መልስ የለኝም። ደግነቱ የሚቸኩል ሰው አይጠየቅም።

ከምተረጉምላቸው ቢሮዎች አንዱ ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ የሚስዮናውያን ማኅበር ነው። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ይረዳል። ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰብለ ትባላለች። ስልክ እያወራች ትፈርማለች፣ እየፈረመች ትሄዳለች። በጥድፊያ የሚበልጠኝ ሰው ያየሁት እሷን ብቻ ነው። አንድ ቀን እኔ ስወርድ እሷ ስትወጣ ደረጃ ላይ ተገናኘን።

«ስማ፣ እሁድ አንድ ወጣት ሚስዮናዊ ከኪጋሊ ይመጣል። አንድ ሳምንት አገር ታለማምድልኛለህ?»

«እሺ» አልኳት። እሺ ያልኩት ለመሄድ ነው።

«ቅዳሜ አንድ ገጽ ትጽፍልኛለህ። ከሰው ጋር ይግባባል ወይ፣ ልኩን ያውቃል ወይ። ጥሩ ከጻፍክለት ሁለት ዓመት እዚህ ያገለግላል። ካልሆነ እንመልሰዋለን።»

«እሺ» አልኩ እንደገና። ያን ጊዜ ሦስት ደረጃ ወርጃለሁ። የአንድ ሰው ሁለት ዓመት እጄ ላይ መውደቁ የገባኝ ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

እሁድ ቦሌ አየር ማረፊያ ስሙን ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ ቆምኩ። ዴዎ ይባላል፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። የባዕድ ፊት ስጠብቅ የወጣው ቁርጥ የአጎቴ ልጅ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግንባሩ ገለጥ ያለ። ሻንጣ የሚገፋው ሰውዬ በአማርኛ አናገረው፤ ባለታክሲው በአማርኛ ተጨቃጨቀው። ዴዎ ለሁሉም ፈገግ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ መልኩ የእኛ ሆኖ ሲያናግሩት ፈገግ ብሎ ዝም የሚል ሰው ወይ ኩራተኛ ነው ወይ የሆነ ነገር ሊሸጥላችሁ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ አየው።

የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። ከአማርኛ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «እሺ»። እሷንም አውሮፕላን ላይ አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ ናቸው ያስተማሩት።

«ስልጠና ላይ ዋናው ምክር ምን ነበር?» አልኩት መኪና ውስጥ፣ ዝምታው ስለጨነቀኝ።

«በመጀመሪያው ዓመት ማዕድ የጠራችሁን ሰው እንቢ አትበሉ ነው ያሉን» አለኝ። «እንቢ ያለ እንግዳ በሩን በራሱ ላይ ይዘጋል።»

ጥሩ ምክር ነው ብዬ አለፍኩት። አትላስ አካባቢ ማኅበሩ የያዘለት የእንግዳ ማረፊያ አደረስኩትና በር ላይ ስንለያይ፣ እንደማንኛውም በሥርዓት ያደገ ሰው፣ «ቤቴ ቤትህ ነው፤ በፈለግክ ሰዓት ና» አልኩት። ነገሩ የእውነት እንዲመስል ቤቴ ያለበትን ቦታ በስልክ ላኩለት። ማንም እንደሚያውቀው ይህ ማለት «በሰላም እደር» ማለት ነው።

ሰኞ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ዴዎ ከነሻንጣው ቆሟል።

«ሌሊቱን አሰብኩበት» አለኝ። «ልክ ነህ፤ ያንተ ቤት ይሻላል።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ «እንኳን ደህና መጣህ» አልኩ። ቤቴ አንድ ክፍል ነው። አንድ አልጋ አለኝ፣ አንድ እግሩ በብሎኬት የተደገፈ ሶፋ አለኝ። ዴዎ ሶፋውን በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ሞከረና በጣም ደስ አለው። ከዚያ እጁን እያፋተገ «ዛሬ ማንን ነው የምናገለግለው?» አለ።

«ማንንም። ይሄ ሳምንት መለማመጃ ነው።»

«ማንንም ሳላገለግል ልዋል?» ፊቱ ጠቆረ። ለካ እሱም እንደ እኔ መቀመጥ አይሆንለትም። ሁለት ዕረፍት የለሽ ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ አስቡን። እኔ ከመስኮት ወደ በር ስሄድ እሱ ከበር ወደ መስኮት ይመጣል፤ መሀል ላይ «ይቅርታ» ተባብለን እንተላለፋለን።

ከዚህስ ብዬ ይዤው ወረድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የእማማ ለተብርሃን በር እንደ ወትሮው ክፍት ነበር። እማማ ለተብርሃን ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ልጆቻቸው መቀሌ ናቸው፤ የድሮ ጎረቤቶቻቸው ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አንዱ የካ አንዱ ጀሞ ተበትነዋል። በምግብ ሰዓት በራቸውን ወለል አድርገው ይከፍቱና ትሪያቸውን ይዘው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ለወጪውም ለወራጁም «ና እንብላ» ይላሉ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ «አሁን በልቼ ነው እማማ፣ እየቸኮልኩ ነው» እያልኩ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ አልፌያለሁ። አንጀቴ እየጮኸም ብያለሁ። ያን ቀንም ዴዎን ክንዱን ይዤ አሳለፍኩት።

«ምን አሉ?» አለኝ።

«ደህና ዋሉ ነው ያሉት።»

ዋሸሁ። ምን ላድርግ፣ ቸኩያለሁ።

ታች የግቢው በር ላይ ግን ጋሽ ደምሴን ማለፍ አልተቻለም። ጋሽ ደምሴ ዘበኛችን ናቸው። ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ፍርፍር ይበላሉ። «እንብላ» አሉና እጃቸውን ወደ ምሳ ዕቃው ዘረጉ። እጅ ሲዘረጋ ደግሞ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ዴዎ «እሺ» አለና ጎናቸው ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። በመጀመሪያው ጉርሻ ጋሽ ደምሴ ሳቁ። በሦስተኛው ወደ እኔ አዩ። በአምስተኛው ምሳ ዕቃውን ሳብ አደረጉ፤ ዴዎም እንዲመቸው የሳቡለት መስሎት ድንጋዩን ጠጋ አደረገ። ሲጨርሱ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ማነው ይሄ?»

«ሚስዮናዊ ነው ጋሽ ደምሴ። ከሩዋንዳ የመጣ።»

«እኔ በልጅነቴ የማውቀው ሚስዮናዊ የሚያበላ ነበር» አሉ። «አሁን የሚበላ መላክ ጀመሩ?»

ማክሰኞ ሃያ ሁለት ምሳ ልጋብዘው ብዬ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ይዤው ገባሁ። በበሩ አጠገብ አራት ሰዎች አንድ ትሪ ከበዋል። ሁለቱ ሸምገል ያሉ ናቸው፤ ሁለቱ ጎልማሶች ግን ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አንዱ ግድግዳ አንዱ መንገድ ያያል። ተጣልተው ሊታረቁ የመጡ መሆናቸውን ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያሻም። በጎናቸው ስንሽሎከለክ አንደኛው ሽማግሌ በጨዋ ደንብ «እንብላ» አሉ። «ብሉ አባቴ» ብዬ ወንበር ስፈልግ ዞር ብል ዴዎ የለም። እጁን ሊታጠብ ሄዷል። ታጥቦ መጣና በሁለቱ ጠበኞች መሀል፣ አንድ ሰው የማይበቃው ቦታ ላይ፣ ሰተት ብሎ ገባ።

ሽማግሌው ጨዋ ናቸው፤ አጎረሱት። ዴዎ ይህ የማዕዱ ሕግ መሰለው። ጥንቅቅ ያለ፣ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቀለለና በቀኙ ያለውን ጠበኛ አጎረሰ። ከዚያ የግራውን። ሰዎቹ ሊሰዳደቡ ያዘጋጁት አፍ በእንጀራ ተሞላ። ሽማግሌው «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ሲሉ ትከሻውን መታ ቢያደርጉት፣ ዴዎ ነገሩ ገብቶት ነው ወይ ሳይገባው፣ ደገማቸው። የግራው ሰውዬ ሳቅ አምልጦት ወጡ ትን አለው። የቀኙ ሰውዬ ሳያስበው ጀርባውን መታ መታ አደረገለት።

እኔ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። «ይቅርታ አባቶቼ፣ ለአገሩ እንግዳ ነው» ብዬ በክንዱ ጎትቼ አወጣሁት። የምጋብዘውን ምሳ አልጋበዝኩትም፤ እኔም ሳልበላ ቀረሁ።

ያን ከሰዓት ሶፋው ላይ አስቀምጬ አስተማርኩት። እኔ እየቆምኩ እየተንጎራደድኩ ነው የማስተምረው። «ሰው ሲጠራህ መጀመሪያ አይሆንም ትላለህ። ሁለተኛ ሲጠራህም አይሆንም። ሦስተኛ፣ በሞቴ ብሎ ከለመነህ፣ ያኔ ትገባለህ።» ትንሽ ሰማያዊ ደብተር አውጥቶ ጻፈው፦ አንድ አይሆንም፣ ሁለት አይሆንም፣ ሦስት እሺ። ከሥሩ በሁለት መስመር አሰመረበት። ደስ አለኝ፤ ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

ረቡዕ ወይዘሮ ሰብለ ልታየው ፈለገችና ቢሮ ወሰድኩት። እየተጣደፈች ጨበጠችው፣ «ሻይ?» አለችው፣ «አይሆንም» አላት፣ «ጥሩ» ብላ ስልኳን አነሳች። ዴዎ በሩ አጠገብ ቆመ። እኔ አንድ ደብዳቤ ልተረጉም ወደ ሌላው ክፍል ገባሁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስመለስ ዴዎ እዚያው ቆሟል። ሰብለም ስብሰባ ገብታ ወጥታለች፤ ስታልፍ ስታገድም ፈገግ ይልላታል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነው» አለኝ።

ስንወጣ ሰብለ ወደ ጎን ሳበችኝ። «ጤነኛ ነው?»

ታክሲ ውስጥ ዴዎ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «ሦስት ጊዜ የሚጠራኝን ሰው አንዴ ብቻ ከሚጠራኝ በምን እለያለሁ?» አለኝ።

«ፊቱን አይተህ።»

«የሁሉም ሰው ፊት ፈገግ ያለ ነው።»

እንደ እውነቱ እኔም በምን እንደምለይ አላውቅም። ስለማላውቅ ነው መሰለኝ ሁሉንም አንድ ላይ እንቢ የምለው።

ሐሙስ ደግሞ አትላስ ፀጉር አስተካካዬ ጋ ይዤው ሄድኩ። ዴዎ የሰውየውን ኮፍያ በምልክት አደነቀ። አስተካካዩ በሰለጠነ ሰው ወግ «ላንተ ይሁን» አለና ከራሱ አውልቆ ዘረጋለት። ሌላ ሰው ቢሆን «አይ፣ ላንተ ነው የሚያምረው» ብሎ ይመልሳል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ዴዎ «እሺ» ብሎ አጠለቀው። ሰውየው የእኔን ፀጉር እየቆረጠ ዓይኑን ከኮፍያው ላይ አልነቀለም። ለዚህ ነው ግራ ጎኔ ከቀኙ አጥሮ የሰነበተው። ኮፍያውን ከመኪና ተመልሼ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ በእጄ አስረከብኩ።

በዚያ ሐሙስ ቤት ስደርስ በቃኝ አልኩ። ዴዎ ሻንጣውን ሲያስተካክል ጀርባዬን ሰጥቼው ለሰብለ ወረቀቱን ጻፍኩ። «ዴዎ ቅን ሰው ነው። ነገር ግን ልኩን አያውቅም። ለዚህ አገር የሚሆን አይመስለኝም።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ቀና ስል ዴዎ «ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ አይደል?» አለኝ። «እሺ» አልኩት። የአማርኛ እሺ ነበር፤ ለመገላገል የሚባለው።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ላስረክብ ስወጣ «አትውጣ፣ ማንም ቢጠራህ አትሂድ፣ ደብተርህን አጥና» ብዬው ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። ሻንጣው አለ፣ ጫማው የለም። ስልኩን ብደውል ዝግ ነው፤ ከማታ ጀምሮ መብራት ስላልነበረ ባትሪው አልቋል። እየተንደረደርኩ ወረድኩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ዴዎን አይተውታል?»

«በዚህ በር አልወጣም» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ምሳ ዕቃዬን ይዤ እዚሁ ነው የዋልኩት። ቢያልፍ አልስተውም።»

ማመን ነበረብኝ፤ ግን የተጨነቀ ሰው ቆሞ አያስብም፣ ሮጦ ነው የሚያስበው። ታክሲ ተሳፍሬ አትላስ የእንግዳ ማረፊያው ሄድኩ፤ የለም። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ብቅ አልኩ፤ ገና ሲያየኝ ኮፍያውን በሁለት እጁ ያዘ። ሃያ ሁለት ምግብ ቤቷ ገባሁ። ሁለቱ ጠበኞች ብቻቸውን አንድ ትሪ ላይ እየበሉ ነው። «ያ ልጅ የታለ? አምጣው እንጂ» አሉኝ፣ «እንብላ» አሉኝ፣ «አሁን በልቼ ነው» ብዬ ሮጥኩ። ከጠዋት ጀምሮ አፌ ውስጥ የገባ ነገር የለም። የሰው አገር ልጅ ጠፍቶብኝ፣ የመመለሻ ወረቀቱን ኪሴ ይዤ ነው የምፈልገው። ወረቀቱ በሄድኩበት ሁሉ ጭኔን ይቆረቁረኛል። አንድ ነገር ቢሆን ለእናቱ ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ተርጓሚ ሆኜ ይህን መተርጎም እንኳ አልችልም።

አራብሳ ስመለስ አሥር ሰዓት አልፏል። ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። የእማማ ለተብርሃን በር ዝግ ነበር። በቀን ዝግ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አራት ጊዜ ሳልፍ አራቱንም ጊዜ አይቻለሁ፤ ምን ሆነው ይሆን አላልኩም። እውነቱን ልናገርና «ተመስገን፣ አንድ ውሸት ቀረልኝ» ነው ያልኩት።

በአምስተኛው ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ዘፍ አልኩ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በኖርኩበት ሦስት ዓመት እዚያ ደረጃ ላይ ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ሲቀመጥ ደግሞ የማይሰማው ነገር ይሰማል። ከእማማ ለተብርሃን ቤት ሳቅ ይመጣል። አንዱ የእሳቸው ነው። ሁለተኛውን አውቀዋለሁ።

አንኳኳሁ። ከፈቱልኝ። ዴዎ እጅጌውን ሰብስቦ ትሪው ፊት ተቀምጧል፤ ሽሮ አለ፣ ጎመን አለ፣ ከድስቱ አጠገብ ደብተሩ ተዘርግቷል። ከኋላው እሱ ተሸክሞ ያወጣው አምስት ጀሪካን ውኃ ተደርድሯል። ቧንቧው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ኃይል የለውም፤ እማማ ለተብርሃን ከብሎኩ ጀርባ ካለው ቧንቧ በትንሽ ባልዲ ሲያመላልሱ ስንቴ አይቻለሁ። ሳይ «በርቱ እማማ» እላለሁ። በርቱ።

«አትሂድ አላልኩህም?» አልኩት በእንግሊዝኛ። ልቆጣው ነው ያሰብኩት፤ ድምፄ ግን የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

«ሩቅ አልሄድኩም» አለኝ። «ደረጃው ላይ ንፋስ ልቀበል ቆሜ ሳለሁ ሴትየዋ ጠሩኝ። አንተ ደህና ዋሉ ማለት ነው ብለኸኝ ነበር። ግን እጃቸው ወንበሩን ነው የሚያሳየው። ሦስት ጊዜ አሳዩኝ፤ ቆጥሬያለሁ።»

ወደ እማማ ለተብርሃን ዞርኩ። «በሩ ዝግ ነበር እኮ እማማ። እኔ ስንቴ ሳልፍ...»

«ሰው ከገባማ ይዘጋል እንጂ» አሉኝ። «ክፍት የማደርገው እስኪገባ ነው።» ከዚያ ዴዎን በጉልበቱ መታ አድርገው «ዳዊት ወደይ» አሉት። በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ስሙንም አንዴ ዳዊት ብለውታል፣ እሱም እሺ ብሏል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው፣ «ይሄ ልጅ ቋንቋችንን አያውቅም መሰለኝ» አሉኝ። «ስጠራው ገባ።»

ቀልድ መስሏቸው አይደለም። እየወቀሱኝም አይደለም። የሆነውን ነው የነገሩኝ።

ትሪውን እያስተካከሉ ደግሞ «አንተ እንኳ አሁን በልተህ ነው» አሉ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ሳይጠሩኝ የቀሩት ያን ቀን ብቻ ነው። ለምን ይጠሩኛል? መልሴን በቃላቸው ይዘውታል። አንጀቴ እየጮኸ በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ዴዎ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ያን ቀን የተማራትን ቃል ቀስ አድርጎ አወጣት።

«እንብላ» አለኝ።

አፌ በልማዱ «አሁን በል...» ብሎ ጀመረ። መሀል ላይ ያዝኩት።

«እሺ» አልኩ፤ ገብቼም ተቀመጥኩ። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት እንዳይቆረቁረኝ አውጥቼ መሬት ላይ ወረወርኩት። እማማ ለተብርሃን የድስት ማስቀመጫ ያቀበልኳቸው መስሏቸው ሽሮውን አሳረፉበት። እኔም ተውኩት። በመጀመሪያ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ ትልቅ ነበር፣ ዓይኔን እንባ ሞላው። ቃሪያው ነው እንዳልላችሁ ቃሪያ አልነበረውም።

ጉርሻው ሳይወርድልኝ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ሰብለ ናት።

«ነገ ጊዜ የለኝም፣ ባጭሩ አሁኑኑ ንገረኝ። ከሰው ይግባባል?»

«ይግባባል።»

«ልኩንስ ያውቃል?»

ጀሪካኖቹን አየኋቸው። «አያውቅም» አልኳት።

«እንግዲያው ይመለስ?»

«አይመለስም ሰብለ። ይቆይ። ሰኞ ሥራ ይጀምር፤ እንዲያውም ጀምሯል።»

«ምንድን ነው የምትለው? እሺ፣ ካልክ ይቆይ። ድምፅህ በደንብ አይሰማም፣ የት ነህ?»

«ጎረቤቴ ቤት። እየበላን ነው» አልኳት፤ ከዚያ እንደ ደንቡ «እንብላ» አልኩ።

«ብሉ ብሉ፣ አሁን በልቼ ነው፤ እየቸኮልኩ ነው» አለችና ዘጋችው። አልበላችም። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ የራሴ ድምፅ ነው። ስልኩን አጠገቤ አስቀመጥኩና እጄን ወደ ትሪው መለስኩ።

«ምን አለች?» አለኝ ዴዎ።

«ትቆያለህ አለች።»

ዓይኑን ጨፍኖ ለራሱ አንድ ነገር አለ፤ የአገሩ ቋንቋ ነው፣ አልጠየቅኩትም። ሲከፍተው «ለእንብላውስ ምን አለች?» አለኝ።

«በልቻለሁ አለች።»

«ስንት ጊዜ ጠየቅካት?»

«አንዴ።»

ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበ፣ ያሰመረበትን በጣቱ አየ፣ ከዚያ ስልኬን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ሁለት ይቀርሃል» አለኝ።